የከብት ሐኪሙ መኪና

ይድረስ ለምወድህ፣ ቤቱ ያላንተ ለጎደለብኝ፣ ለታላቅ ወንድሜ ለኸለፍ አብደልዓል፤ ከእህትህ ከኢንሳፍ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከርመሃል ወንድም ዓለም? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው ወገቤን ያመኝ ጀመር ብለህ ነበር፤ ተሻለህ ወይስ እኛ እንዳንጨነቅ ብለህ ዝም አልክ? እንቅልፍ ትተኛለህ? የኩዌት ሙቀትስ በረድ አለ? ምግባችሁን አሁንም በተራ ነው የምትሠሩት ወይስ ያ የጨው ልክ የማያውቀው ጓደኛህ ብቻውን ተሹሞባችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ናፍቆትና ከአባታችን ሕመም በቀር ደኅና ነን። ሚስትህ ነጅላ ደኅና ናት። ልጅህ ወፋእ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ሰፈሩን ታስቃለች። ላማችን ሴት ጥጃ ወልዳለች፤ እናታችን ከሰው ዓይን ትጠበቅ ብላ ጓዳ ደብቃታለችና አንተም እዚያ ላሉት የአገራችን ልጆች እንዳታወራባት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ። መኪና ልንገዛ ነው። ወይም ገዝተናል። ወይም ደግሞ ከነጭራሹ ማሰብም አልነበረብንም። የቱ እንደሆነ ለራሴም ስላልገባኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ የጎረቤታችን ልጅ ዓሹር ነው፤ መነሻው ስላልተቆረጠ እኔም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እጽፋለሁና መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ቢጣላብህ አትገረም።

አባታችን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ወደ ሚንያ ሆስፒታል እንደሚመላለሱ ታውቃለህ። የማታውቀው መንገዱን ነው። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፤ ከሞላም በኋላ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሁላችንም ዘመድ ነን» እያለ አንድ ሰው ይጨምራል። ሲሄዱስ ይችሉታል። ሲመለሱ ግን ጉልበታቸው ሁሉ እዚያ ማሽን ላይ ቀርቶ ነው የሚመጡት። ባለፈው ወር አንድ ወፍራም ነጋዴ መርፌ በሚገባበት ክንዳቸው በኩል ተደግፏቸው መጣ። ሲወርዱ ፎጣቸውን ገለጥ ባደርግ የጀለብያቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው በደም ርሷል። ለምን አልነገሩኝም ብዬ ስጮህባቸው «ሰዉ በኔ ምክንያት ከመንገዱ ይስተጓጎል?» አሉኝ። ወንድሜ፣ እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው ዶክተር ለቢብ ጡረታ ወጥተው እስክንድርያ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ፣ መኪናቸውንም ሊሸጡ ነው የተባለው። ያቺን ነጭ አሮጌ ፊያት ነው የምልህ። ሰው ሁሉ መኪና ከገዛህ የሐኪም መኪና ግዛ ይላል፣ ከቤት ወደ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ወደ ቤት ብቻ ናትና። የእኛው ዶክተር ግን የከብት ሐኪም ናቸው። ከመጋጋ እስከ በረሃው ጫፍ ድረስ ያቺ መኪና ያልረገጠችው የቦይ ዳር፣ ያልገባችበት ጭቃ፣ ያላዋለደችው ላም የለም። ዋጋዋ ርካሽ የሆነው በከንቱ አይደለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ፤ እኛም ሄድን።

ልናይ ብቻ ነበር የሄድነው፣ ወላሂ። ሻይ ቀረበ። እኔ ኪሎሜትር ቆጣሪውን አየሁና ዶክተር፣ ይሄ ቁጥር እኮ የአዲስ መኪና ነው፣ አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ቁጥሩ ሞልቶ ዞሮ ነው ከዜሮ የጀመረው። አንዴ ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛውን አላየሁም፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከኋላ በኩል ወለሉ ላይ አንድ ነገር...» ብለው ሲጀምሩ አባታችን ያንን የደከመ እጃቸውን ዘረጉና «ይበቃል ዶክተር፣ ፋቲሓ እንቅራና ውሉ ይጽና» አሉ።

እኔ መካኒኩ ኡስታ መሕሩስ ሳያያትማ አይሆንም ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንደተከፈተ ቀረ። አባታችን ፋቲሓቸውን ቀሩ፤ ዶክተር ለቢብም ክርስቲያን ናቸውና እጃቸውን እንደያዙ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» የሚለውን በከንፈራቸው ደገሙ። አንዳቸው ፊታቸውን ዳበሱ፣ አንዳቸው አማተቡ። የሁለት ሃይማኖት ጸሎት ያረፈበትን ውል ማን ያፈርሰዋል? አባታችን ፋቲሓ ቀርተው ያፈረሱት ነገር እንደሌለ አንተም እኔም እናውቃለን። መሬቱን ሲሸጡ እንኳ በማግስቱ ሌላ ሰው እጥፍ ሊከፍል መጥቶ አልሰሙትም።

አጎታችን ሸሓታ በሰሙ ጊዜ ግቢው ተናጋ። መንጃ ፈቃድ ማውጣቴ ራሱ ገና አልወጣላቸውም ነበር። «የአብደልዓል ቤት ወንድ አልቆበት ነው ሴት መሪ የምትጨብጠው? ነገ ደግሞ ጢም አብቅላ መስጊድ ታሰግደናለቻ!» እያሉ ዱላቸውን መሬት ላይ ደበደቡት። አባታችን ትራሳቸውን ደገፍ ብለው «ፋቲሓ ተቀርቷል፣ ሸሓታ» አሉ። አጎታችን ያንን ሁሉ ቁጣ እንደ ትኩስ ፉል ዋጡትና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። አንተም ባለፈው በላክልን ካሴት ላይ ኢንሳፍ ትቆይ፣ እኔ እስክመጣ ማንም መሪ እንዳይነካ ብለሃል፤ ሰምቻለሁ፣ አልረሳሁም። ግን ወንድሜ፣ ኩላሊት አንተ እስክትመጣ አይቆይም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትለኝ፣ በማግስቱ ቁልፉን ለሙከራ ብዬ ተቀብዬ መኪናዋን በስውር ኡስታ መሕሩስ ጋር ወሰድኳት። ከፋቲሓ በኋላ መካኒክ ማሳየት ሰውየውን ቀጣፊ ነህ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በኋለኛው መንገድ፣ በሸንኮራ እርሻው መሀል ዞሬ ነው የገባሁት። መሕሩስ ኮፈኑን ከፍቶ አዳመጠና «አብላ መምህርት፣ ይሄ ሞተር የልጅ ልጅሽን ይድራል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሞከራትና ተመለሰ። «ፍሬኗ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ትጠሪዋለሽ፣ ያስባል፣ ከዚያ ይመጣል» አለ። ቀጥሎ የኋለኛውን ምንጣፍ ገለጠው። የጋራዡ መሬት ታየኝ! ጭንቅላቴን ማስገባት የምችልበት ቀዳዳ ነው። መሕሩስ አሸተተና ፊቱን አዞረ። «ይሄን የበላው ዝገት ብቻ እንዳይመስልሽ። ስንት ዓመት የጥጃ ሽንት ጠጥቷል። እዚህ የሚቀመጥ ሰው ባይሆን በእግሩ እየተራመደ ያግዝሻል!» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ላሜራ ይበየድበታል ወይ አልኩት። ይበየዳል፣ ግን ጤነኛው ብረት ከየት እንደሚጀምር ካልፈታሁት አልምልልሽም አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ የማየው ቦዩን ነው። የኢብራሂሚያ ቦይን መንገድ ታውቀዋለህ፤ የብርዱ ወራት ሲገባ ጉሙ ከውሃው ይነሳና መንገዱንና ውሃውን አንድ ያደርጋቸዋል። በየዓመቱ አንድ መኪና ሳይበላ አያልፍም። አባታችንን ከሚኒባሱ አወጣሁ ብዬ ቦይ ውስጥ ብከታቸውስ? ፍሬኑ እያሰበ ቢቀርስ? አንተ በባዕድ አገር ሆነህ እኔ በነዳሁት መኪና የአባታችንን መርዶ ብትሰማስ? ደግሞ አልገዛም ብል የአባታችንን ፋቲሓ ማፍረሴ ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚህ ሕመማቸው፣ ዶክተር ለቢብን በምን ዓይናቸው ያዩአቸዋል? ሁለቱም በኩል እሳት ሆነብኝ። ዓሹር ነገ ይሄድ ይሆናል እያልኩ እስከዚህ የጻፍኩትን አጥፌ፣ ወንድሜ ንገረኝ፣ እግዛ ወይስ አልግዛ ብዬ ልጨርሰው ነበር።

ዓሹር ግን ሳይሄድ ሰነበተ። እኔም መቻል አቅቶኝ ለአባታችን ሁሉንም አወጣሁላቸው፤ መሕሩስ ጋር በስውር መሄዴን፣ ፍሬኑን፣ ቀዳዳውን፣ ሽንቱን። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ በሳቅ ፍርስ አሉ። ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«የከብት ሐኪም መኪና ወለሉ ምን ሊሆን ነው ታዲያ? የኛዋም ሸንታበታለች! ያቺ የድሮዋ ቀይ ጥጃ ሆዷ ተነፍቶ ልትሞት ስትል ማን የወሰዳት መሰለሽ? ከኋላ አቅፌያት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያኔም መሬቱ ይታይ ነበር» አሉኝ።

ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ። እያወቁ ነው እንዴ ፋቲሓ የቀሩት? ሰውየው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ያቋረጧቸው ለምንድነው? አልኳቸው። ሳቃቸውን አቆሙ።

«ሸሓታ ሳይሰማ ብዬ ነው። ኸለፍም ሳይሰማ» አሉ። «ወለሉ እንዲህ ነው ካሉ እስቲ እንምከር ይባላል። ምክር ከተባለ ወንዶች ይሰበሰባሉ። ወንዶች ከተሰበሰቡ አንቺ ቁልፉን አታዪውም። ብረት ይበየዳል ልጄ። መኪናዋን ለኔ የገዛሁ መሰለሽ? እኔ ስንት ረመዳን ልቀመጥባት? እኔ የሄድኩ እንደሆነ ይቺን ልጅ ማንም እጇን ይዞ ቤት እንዳያስቀምጣት ብዬ ነው። ፋቲሓ ከተቀራ ደግሞ የቀራው ሰው ቢሞትም አይፈርስም።»

ኸለፌ፣ እኔ እስከዛሬ ፋቲሓው እግር ከወርች ያሰረኝ ይመስለኝ ነበር። እጃቸውን ስሜ ስሜ አልጠግብ አልኩ። እሳቸው ግን «በይ ተይ፣ ክንዴን አትጫኚው» አሉኝ።

መሕሩስ ወለሉን ፈታው። ጤነኛው ብረት ካሰበው በላይ ቅርብ ሆኖ ተገኘ፤ ላሜራውን በየደው፣ ፍሬኑንም ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። ያም ሆኖ ከኋላ ከባድ ሰው ባይቀመጥ ይሻላል ብሎኛል። እናታችን መስተዋቱ ላይ ሰማያዊ ዶቃ አንጠለጠለች። ዶክተሩ የለጠፉት የማር ጊርጊስ፣ የነሱ የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሥዕል ዶቃው ሥር አለ፤ ልልጠው ስል አባታችን «ተይው፣ መንገዱን ያውቃል» አሉ።

ረቡዕ ማለዳ ወጣን። ጉሙ እንደ ፈራሁት ነበር። መሪውን ጨብጬው ጣቶቼ ደንዝዘው፣ ከኋላ የመጣው ሁሉ እየጮኸ ሲያልፈኝ፣ አንዱም የጭነት መኪና ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «እማማ፣ ቤት ምሳው አርሯል!» ሲለኝ፣ እኔ የማውቀውን ሱራ ሁሉ ቀርቼ ጨርሼ እንደገና ጀመርኩ። አባታችን አንዴ እንኳ ቀስ በይ አላሉኝም። ይህም አስፈራኝ።

ስንመለስ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከሰማሉጥ ከተማ እንዳለፍን ጎኔን ባይ ራሳቸው ወደ ደረታቸው ወድቋል። ጠራኋቸው፣ አልመለሱልኝም። ቦዩ ዳር እንዴት እንዳቆምኩ አላውቅም። እጄን አፍንጫቸው ሥር አደረግሁ። አንድ ዓይናቸውን ከፈቱና «ምነው፣ ተበላሸች?» አሉኝ።

ተኝተው ነበር። ለካ ሚኒባሱ ውስጥ ያን ሁሉ ወራት ራሴ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል ብለው አንዴም ተኝተው አያውቁም። አልተበላሸችም፣ ይተኙ አልኳቸው። እስከ ቤት ደጃፍ ተኙ።

ስለዚህ ግዢ ወይም አትግዢ ብለህ አትጻፍልኝ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ነገም ጉም ነው፣ ከነገ ወዲያም። ዱዓ አድርግልኝ። ለአጎታችንም በስልክ ስታገኛቸው እኔም ፈቅጃለሁ በላቸው፤ ባትፈቅድም በል።

አብረውህ ለሚኖሩት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለዚያም ጨው ለማያውቀው። እናታችን ዓይኖችህን ትስማለች፣ በወገብህ ከባድ እንዳታነሳበት ትላለች። ነጅላ ሰላም ትልሃለች፣ የላክላት ጨርቅ ቀለሙ አምሮላታል። ወፋእ አባዬ ሲመጣ ጥርሴ ይበቅላል በይው ብላኛለች። አጎታችን ሸሓታም ቢያኮርፉ ሰላም ብለውሃል፤ ትናንት መጋጋ ገበያ ታደርሺኝ እንደሆነ ብለው በሰው ልከውብኛል።

አባታችን ደግሞ እንዲህ ጻፊለት አሉኝ። «ለበዓል ስትመጣ ከካይሮ የምትቀበልህ ኢንሳፍ ናት። እኔም ብኖር አብሬ እመጣለሁ። የፊተኛው ወንበር ግን የኔ ነው፤ አንተ ከኋላ፣ ጥጃዋ ቦታ ትቀመጣለህ።»

እህትህ ኢንሳፍ

መጋጋ፣ ሻዕባን ፲፪ ቀን ፲፬፻፲፰ ዓመተ ሂጅራ