ናሆም ሥራ እንዳቆም ፈለገ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ልጄ ናሆም ከኮሌጁ ኮል አደረገልኝ።

«ማሚ፣ ትምህርቱን ትቼ ለድራፍት፣ ለተጫዋቾች ምርጫው፣ ልመዘገብ ነው። ትልልቆቹ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ይመርጡኝ ይሆናል።»

«ዲግሪህስ?» አልኩት።

«ኮሌጁ የእኔን ቁጥር ማልያ ላይ አትሞ ይሸጣል፤ ለእኔ ግን ምንም አይከፍለኝም። ከተመረጥኩ አንቺም ከዚያ ሆቴል ትወጫለሽ። ከእንግዲህ የሰው አልጋ አታነጥፊም።»

ደስታው በድምፁ ያስታውቅ ነበር። «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብዬው ምሳዬን ሳልጨርስ ወደ ክፍሎቹ ተመለስኩ።

እሱ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ እቤት የሚያናግረኝ ሰው የለም። አብራኝ ከምታጸዳው ከስፓኒሽ ተናጋሪዋ ከሮዛ ጋር ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስንሳሳቅ እንውላለን። ሥራ ባቆም ከማን ጋር ልውል ነው? ይህን ለናሆም አልነገርኩትም።