ሳልታረቅ ስላስታረቁኝ

ለክቡር አቶ በርናባስ፣
የ«አንድ ልብ» የዕርቅ ጉባኤ ሰብሳቢ፣
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤናን፣ ረጅም ዕድሜን፣ ያደረጉትን ሁሉ ለማስታወስ የሚበቃ ብርቱ አእምሮንም እመኛለሁ።

እኔ መናኸሪያ አካባቢ ብትን ጨርቅ የምሸጥ ሙንተሃ ኸይረዲን ነኝ። ባለፈው ሳምንት ባሳተሙት መጽሔት ላይ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና የምትታየው ሴት እኔ ስሆን፣ ከሥሩ «የሟች እህት ይቅርታ አድርጋ በደስታ ስታለቅስ» ብለው በመጻፍ የማላውቀውን ደስታዬን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

1ኛ. መጽሔትዎ «በጦርነቱ ወቅት ሕይወቱ ያለፈ» ያለው ወንድሜ ሳዳም ሕይወቱ ዝም ብላ አላለፈችም፤ ተቀጥቅጣ ወጣች። ሳዳም የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከጦርነቱ በፊት ወደ ሰሜን ዱቄት ያመላልስ ስለነበር ስልኩ ውስጥ የዚያ አገር ደንበኞቹ ቁጥር ተገኘና ሰላይ ተባለ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቄ በር ላይ፣ የሰፈር ጥበቃ ነን ያሉ ስድስት ሰዎች በፌሮ ደበደቡት። መጀመሪያ ጉልበቱን ሰበሩት። ወድቆ ፊቱን በእጆቹ ሲሸፍን ጣቶቹን ሰባበሩ፤ ቀጥሎ መንጋጋውን። ከስድስቱ አንዱ ፀጉሬን ጨምድዶ፣ ዓይኔን እንዳልጨፍን እየጮኸብኝ፣ ሁሉንም አሳየኝ። በሦስተኛው ቀን ስሜን ሊጠራ ሲታገል ሞተ። እናታችን ፊቱን እንድታይ አልፈቀድኩላትም፤ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።

2ኛ. የመጨረሻውን ምት ያሳረፈውን ደምሴን ጉባኤዎ ነጭ ጋቢ አልብሶ ፊት ለፊቴ አቆመልኝ። ስለተፈጠረው ነገር ይቅርታ ጠየቀኝ። «የገደልከውን ሰው ስም ጥራ» አልኩት። መሬት መሬቱን እያየ «ስሙን አላውቀውም» አለኝ። ክቡርነትዎ ግን ዋናው ስሙ ሳይሆን የዕርቁ መንፈስ መሆኑን አስረድተው እንዲጨበጨብ አዘዙ። ፊቴን የሸፈንኩት ያን ጊዜ ነው። የዕርቅ ወረቀትዎ ላይ አልፈረምኩም፤ ይሁንና ፖሊስ መዝገቤ «በዕርቅ ተዘግቷል» ሲለኝ፣ ሳልፈርም መፈረሜን ተረዳሁ።

3ኛ. ከሱቄ ጎን ጭማቂ የምትሸጠው ፌቨን ሁሉን ስላየች ልመስክር ብላ እርስዎ ዘንድ መጥታ ነበር። የዳነ ቁስል እንዳትነካካ መክረው መለሷት። በማግስቱ ያልታወቁ ሰዎች ቀኝ ክንዷን ሁለት ቦታ ሰበሩት። ዛሬ ብርጭቆ የምታነሳው በግራ እጇ ነው፤ እመሰክራለሁ ማለቷን ግን አልተወችም።

ክቡር ሆይ፣ ዕርቅ አልጠላም። እዚህ አገር ሽማግሌዎች ዕርቅ የሚያወርዱት በዳይ በደሉን በገዛ አፉ ዘርዝሮ ሲናገር መሆኑን እያየሁ ነው ያደግሁት። እርስዎ ያንን አድካሚ ክፍል ስላስቀሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ያለ ፈቃዷ የታረቀች፣ ሳትደሰት የተደሰተች፣ ይህንን ግን በገዛ እጇ የፈረመች፣
ታላቅ አክብሮት ያላት
ሙንተሃ ኸይረዲን

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት እኩለ ቀን ላይ ደምሴ ብቻውን ሱቄ መጣ። የጨርቅ መቀሴን አንስቼ ደረቱ ላይ አስደገፍኩት፤ ጫፉ ሸሚዙን አልፎ ደም እስኪወጣ ድረስ ገፋሁት። አልሸሸም። እንደቆመ የዚያን ቀን የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ አምስቱን ጓደኞቹንም በስም ጠራ። በመጨረሻ «ፌሮውን ያደሉን፣ ጨርሱት ያሉን አቶ በርናባስ ናቸው» አለኝ። መቀሱን ያስቀመጥኩት ለእሱ ራርቼ ሳይሆን ምስክርነቱ ስላስፈለገኝ ነው። ከፌቨን ጋር ሦስታችን ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄድን፤ ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል፤ እዚያው ታስሯል። እኔም ይቅር አላልኩትም። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎ መጥሪያው ሲደርስዎ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው፤ ለክቡር ሰው ድንገተኛ ነገር ጥሩ አይደለም።