ቀይዋ መኪና እና የሞጣ መንገድ

ሰኞ

እስከ ቅዳሜ መልስ ስጪኝ አለኝ፣ የአዲስ አበባው ደላላ። ካልሆነ ለሌላ ሰው ያሳያታል።

ፎቶዋን ዛሬ ብቻ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እግዜር ይወቀው። ቀይ፣ ትንሽ፣ ከፋብሪካ የወጣች አዲስ። የኋላ በሯ ወደ ላይ ይከፈታል። ወንበሮቿ ጥቁር ሆነው በቀይ ክር ተሰፍተዋል። ቆማ እንኳ የምትሮጥ ነው የምትመስለው። ሀያት ስልኬን ነጥቃ አየችና "ይቺ ቢቸና መጥታ ምን ልትሠራ ነው? ከባጃጅ ልትሽቀዳደም?" ብላ ሳቀች። ሀያት አብራኝ ጤና ጣቢያው ውስጥ የምትሠራ አዋላጅ ናት፣ እንደኔው የሞጣ ልጅ፤ አፏ አያርፍም። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ መድኃኒት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

ለሰው አልናገርም፣ እዚህ ልጻፈው። መኪና የፈለግኩት ለመታየት አይደለም። (ውሸት። ትንሽ ለመታየትም ነው። ይህን የመሰለ ቆንጆ ነገር የኔ ሆኖ አያውቅም።) ዋናው ግን አባዬ ነው።

ማክሰኞ

አባዬ የሞተ ቀን ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ነበርኩ። መኪና የለም። መንገድ ተዘግቷል ተባለ፣ ተከፍቷል ተባለ፣ አንድ ሚኒባስ መጣና ሰው አልሞላ ብሎ ቆመ። እኩለ ቀን ላይ ሽንኩርት የጫነ መኪና ለመንኩ፣ ከጆንያው ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ሞጣ የገባሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልቋል። እማዬ "ጠብቀንሽ ነበር" አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም። ሰው ሲያጽናናኝ እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸተኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ሆነው። ዛሬም ስልክ በጠዋት ከጮኸ መርዶ ይመስለኛል። እማዬ ደግሞ ዘንድሮ ከስታለች። ልቧ ነው ይላሉ። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላት፣ እሷም እኔ።

ለመኪናዋ የሚሆነው ገንዘብ የአባዬ ባሕር ዛፍ የተሸጠበት ነው። "ይህ የሰላማዊት ነው" እያለ የተከለው። በሱ ዛፍ መኪና ገዝቼ ለእናቴ ብደርስ ይቅር የሚለኝ ይመስለኛል።

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ቀይዋ ደግሞ በኤሌክትሪክ የምትሞላ ናት፤ አዲስ ከተፈለገ ያለው የኤሌክትሪክ ብቻ ነው አሉ። ስልኬን በጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ነው ያስሞላሁት። ስልክ ማስሞላት ያቃተኝ ሴትዮ መኪና ላስሞላ!

ረቡዕ

ጋሽ ታምሩ የእናቴ ወንድም ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር። ከደጀን ሲመጣ ቢቸና ምሳ ይበላል። የጾም በያይነቱን እየበላን ፎቶውን አሳየሁት። ስልኩን ተቀብሎ ብዙ አየው። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር።

"ከመሬት ምን ያህል ትነሳለች?" አለኝ።

አላውቅም። ስለ ቀለሟ ጠይቄያለሁ፣ ስለ ድምፅ ማጉያዋ ጠይቄያለሁ፣ ይህን አልጠየቅኩም። ደላላው ጋ ደወልኩ። "ኧረ አንድ ስንዝር ትሆናለች፣ የስፖርት መኪና እኮ ናት" አለና ሳቀ።

ጋሼ ከምግብ ቤቱ ጓሮ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አነሳ፣ በስንዝሩ ለካ፣ በቢላ ቆረጠና ሰጠኝ። "ይህን ይዘሽ በሞጣ መውጫ ትንሽ ተራመጅ። ከዚህ እንጨት የሚበልጥ ድንጋይ ባገኘሽ ቁጥር የመኪናሽ ሆድ ተቀደደ ማለት ነው" አለኝ።

"አትግዢ ነው የምትለኝ?" ስለው፣ "እኔ እንጨት ነው የሰጠሁሽ" አለ። ሲናደድ እንደዚህ ነው። መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ የጨበጥኩት አንዴ ነው፣ የሱን መኪና፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ጠፍቶብኝ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። አላነሳብኝም። ባያነሳውም እያሰበው ነበር።

ሐሙስ

ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። አስፋልቱ ሲያልቅ ጀመርኩ። እያንዳንዱ ድንጋይ አጠገብ እንጨቴን አቆማለሁ። ይበልጣል። ይበልጣል። ይሄኛው እኩል። ይሄ ጉድጓድ ራሱ እንጨቱን ዋጠው። ጀርባዬን ጸሐይ እየመታኝ፣ በነጭ ጋዋን ጎንበስ ቀና ስል ማን አየኝ ብዬም አላፈርኩ።

ከገበያ የሚመለሱ ሴት አዛውንት ቆመው አዩኝ። "ምን ትለኪያለሽ ልጀ?"

"መንገዱን ነው እናቴ።"

"ሊሠራልን ነው?" አሉ፣ ፊታቸው በራ። አይደለም ለማለት አፌን ስከፍት ዘንቢላቸውን አስቀምጠው መመረቅ ጀመሩ። እጅሽ ይባረክ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ መሐንዲሷ፣ በዚህ መንገድ ስንቱን ወላድ በቃሬዛ አጣነው። ምን ልበል? አሜን አልኩ። አሜን! ቃሬዛውን ከሌላኛው ጫፍ የምቀበለው እኔ መሆኔን አያውቁም።

እንጨቱን ልጥለው ፈልጌ ሳልጥለው ቤት ይዤው ገባሁ። ተስፋ የሚባለው ነገር ዛሬ ከውስጤ ወጥቶ ሄደ። መንገዱ ያው ነው። መብራቱ ያው ነው። ሹፌሯ ደግሞ እኔ ነኝ።

ዓርብ

አባ ደወሉ፣ የእማዬ የንስሐ አባት። ጠዋት ነው የደወሉት። ስማቸውን ስልኬ ላይ ሳይ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"ደህና ናት፣ አትደንግጪ" አሉ መጀመሪያ፣ እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ነገሩን አመጡት። እማዬ ባለፈው እሑድ ጎረቤት ሰብስባ ተናዝዛለች። "ምስጢር አይደለም፣ በሰው ፊት የተናገረችው ነው። ስሞት ልጄ ከቢቸና ሳትደርስ ከቤት አታውጡኝ ብላለች። እኛም እሺ ብለናል፤ ግን አንድ ሌሊት ብንጠብቅ ነው፣ ከዚያ በላይ እንዴት ይሆናል? ቶሎ የምትደርሺበት መላ አለሽ ወይ ብዬ ነው።"

መላ። ጠረጴዛው ላይ እንጨቷ ነበረች።

"እንጃ አባቴ" አልኳቸው።

እናቴ ሬሳዋ እንዲጠብቀኝ ለምናለች። እኔ በፎቶ ላይ ቀይ ክር ስቆጥር ሰነበትኩ። ራሴን ጠላሁት። ደላላው ጋ ደውዬ "ተወው፣ አልገዛም" አልኩት። "ምነው፣ የተሻለች ሌላ አገኘሽ?" አለኝ። ዘጋሁት። ሀያት ሞጣ እንድሄድ የነገውን ተራዬን ራሷ ልሸፍንልሽ አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም።

ቅዳሜ፣ ሞጣ

ሚኒባስ ተገኘ፣ ቶሎም ሞላ። እንደዚህ ነው፣ በማይቸኮልበት ቀን ይሞላል። መንገድ ላይ ለፍተሻ ሦስቴ ወረድን። ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁ።

እማዬ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች። ከስታለች፣ ግን ተነስታ ሳመችኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ በሩ አየች።

"የታለች?"

"ማን?"

"መኪናይቱ ናታ! ሀያት ለናቷ ነግራ፣ እናቷ ለኔ። ቀይ ናት አሉ።"

እንደተውኩት ነገርኳት። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ መብራቱን፣ ሽንኩርቱን፣ አባ የነገሩኝን። "ያቺ መኪና ለቀብርሽ አታደርሰኝም እማዬ" አልኩና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ተቆጣችኝ።

"ለቀብሬ ነው እንዴ የምትገዥያት? የቀብሬንማ ለአባ ተናግሬ ጨርሻለሁ። እኔ እኮ ልቀመጥባት ነበር! ከፊት ወንበሯ ላይ። ከዚህ እስከ ጊዮርጊስ። አንች እየነዳሽ።"

"መንገዱ..."

"ከዚህ እስከ ጊዮርጊስ ድንጋይ የለም። በየቀኑ የምሄድበትን አላውቅም? ታምሩ ከመኪናው ላይ ጭኖ ያምጣት። መብራት ሲመጣ ትሞላለች፣ ሲጠፋ ትተኛለች። እኛስ እንደዚያው አይደለንም?"

ቀና ስል ነው ያየሁት። ግቢው ውስጥ ገመዱ ላይ ብቻውን የተሰጣ ነጠላ አለ፣ ጥለቱ ቀይ፤ አባዬ የገዛላት፣ ከሞተ ወዲህ ለብሳው የማታውቀው። "ጠዋት ነው ያጠብኩት" አለች። ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴን ሞታ ነው ሳስባት የኖርኩት፤ እሷ ለካ ለሽርሽር እየተዘጋጀች ነበር።

ደላላው ጋ ደወልኩ። አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም። ጓሮ ወጥቼ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሞከርኩ፣ አነሳው። "ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው አይቷት ወዷታል። ነገ እነግርሻለሁ፣ ቃል ግን አልገባም" አለ።

ለእማዬ እንደዚያው ነገርኳት። "እሺ" ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች። አሁን አመሻሽ ነው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ነጠላው ከደረቀ ቆይቷል። ላስገባው ብነሳ "ተይው፣ ነገ ድረስ ይቆይ" አለችኝ።