በሐር ክራችን ላይ ለተነፈሱት ዳይሬክተር

ለተከበሩ የምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር፦

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ምስጋናዬን ጸሐፊዎ አላስገባ ስላለችኝ በአደባባይ ለማቅረብ መገደዴን በትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። አዛውንቱ መምህሬ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሳይጀምር፣ የሐሩን ክሮች አንድ በአንድ ጎን ለጎን ደርድረው፣ እኔም በከባድ ውሃ፣ ማለትም ሃይድሮጂኑ ከተራው በሚከብድ ውሃ፣ ስነክራቸው ከርሜ፣ በመስታወት ቱቦ አሽገናቸው ነበር። ክቡርነትዎ ግን ጎብኚዎችዎ በእጃቸው ካልዳሰሱት ምኑን ጎበኙት ብለው ቱቦውን አስከፈቱ። ክሩን አፍንጫዎ ሥር ይዘው ስለ ሳይንስ የተናገሩት ንግግርም እጅግ ረጅም ነበር።

ሁለተኛ፣ የማያውቁትን ላለመጠየቅ ያለዎትን ጽናት አደንቃለሁ። ቢጠይቁማ ኖሮ፣ ኤክስሬይ እምብዛም የማያየውን ሃይድሮጂን የኒውትሮን ጨረር አጥርቶ እንደሚያየው፣ ከባዱን ሃይድሮጂን ወደ ክሩ ያስገባነውም ሞለኪውሎቹ የተያያዙበትን ቦታ ለመለየት እንደሆነ፣ እርጥብ አየር ያገኘው ክር ግን ከባዱን አውጥቶ ተራውን እንደሚተካ በነገርንዎ ነበር። ማስጠንቀቂያው በሩ ላይ በጉልህ ተለጥፏል፤ ማንበብ ግን የበታች ሠራተኛ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ክሩ ተበላሽቷልና አይላክ ብዬ ብለምንዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ ይህች ሴትዮ ነገር ታካብዳለች በማለት፣ ቱቦውን መልሰው አሳሽገው ወደ ኒውትሮን ማዕከሉ ላኩት። ጨረሩን የሚያመነጨው የማዕከሉ ሪአክተርም የመጨረሻውን የሥራ ተራ ለክቡርነትዎ ትንፋሽ ሰጥቶ እስከ ወዲያኛው ተዘጋ።

ይህን ለመምህሬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ማን እንደከፈተው እንኳ አልጠየቁኝም፤ ሌላ ክር ልደርድር እንዴ ብቻ አሉኝ። ያኔ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጃቸው ነበር የሚይዙት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ክቡርነትዎን ከልቤ ጠልቼዎታለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምገልጽበት መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ከራስዎ በቀር ተቋሙ በሙሉ በሚያውቀው ጥልቅ አክብሮት፣

ታዛዥዎ የክር ጥናት ክፍል ተመራማሪ

ማሳሰቢያ፦ ዓይንዎን በጨው አጥበው በስምዎ ብቻ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሐር ውስጥ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ውሃ ማግኘትዎን አንብቤ ደስ ብሎኛል። ውሃው የክቡርነትዎ ትንፋሽና የእንግዶችዎ የእጅ ላብ መሆኑን ለመጽሔቱ አዘጋጆች ዛሬ ጠዋት አስረድቻለሁ። የመምህሬን ስም ከጽሑፉ ስለፋቁልን ግን፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካለው ምስጋና ሁሉ እውነተኛው ይኸው ነውና፣ ከልብ አመሰግናለሁ።