የጌታሁን ስንቅ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ከድር። ከዲክሲስ ነው የመጣው፤ አሰላ ልጁ ቤት አርፏል። ዕድሜው የእኔ ያህል ይሆናል፤ ከዘራ ይዟል።

«ከባለቤትዎ ከጌታሁን ጋር ታስሬ ነበር፣ እትዬ» አለኝ። ውሃ ጠየቀ፤ ሰጠሁት። ለሐጅ ተመዝግቧል። ከመሄዱ በፊት የበደለውን ሰው ሁሉ ይቅር ማስባል አለበት። «አውፍ ይበሉኝ» አለ።

«ስለ ምኑ?»

ከዘራውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ ተነሳ።

በደርግ ጊዜ ጌታሁንን የጠቆመ ሰው አለ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አሁን አንዱ መጥቶ ይቅር በይኝ ይላል። ምን ላስብ?

ማክሰኞ

ልጄ የሺ «እማዬ፣ አንቺ በሰው ሁሉ ላይ ምርመራ ትከፍቻለሽ» አለችኝ። ለእሷ ቀላል ነው። አባቷን ሲወስዱት ሆዴ ውስጥ ነበረች።

የስንቁን ደብተር ከሣጥን አወጣሁ። እስረኞቹ የመንግሥት እርሻ ላይ ስንዴ ያጭዱ፣ ቦይ ይቆፍሩ ነበር። እኛ በየእሑዱ በእግራችን ስንቅ እናደርሳለን። ማየት ክልክል ነው። ጠባቂው መጀመሪያ ያስቀምሰናል፤ ከዚያ ዕቃው ይገባል፣ ስም ይጠራል፣ ከሰዓት በኋላ ዕቃው ይወጣል። ባዶ ከወጣ ባሌ አለ ማለት ነው። ሌላ ደብዳቤ አልነበረንም።

የላክሁትንና የተመለሰውን ሁሉ ጽፌአለሁ፦

ዳግማይ ትንሣኤ። ዶሮ፣ እንጀራ። ሁሉም ተበልቷል።
ቀጣዩ እሑድ። ሥጋ ወጥ፣ ሽሮ፣ እንጀራ። ሥጋው ሳይነካ ተመልሷል።
ቀጣዩ እሑድ። እንደዚያው። ሥጋው ሳይነካ ተመልሷል።

በበዓለ ሃምሳ ሥጋ የሚመልስ ክርስቲያን! መጀመሪያ ታሟል ብዬ አለቀስኩ። ኋላ ስለት ገብቶ ነው አልኩ፤ ጌታሁን ስለት ይወድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽሮና ምስር ብቻ ላክሁ። ዕቃው ተጠርጎ ይመለስ ነበር። መስከረም ላይ ጠባቂው «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። ሙት ዓመቱን በዚያ ቀን አስባለሁ፤ ሌላ ቀን የሰጠኝ የለም።

ሐሙስ

መጣ። ወንበር ሰጠሁት፤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ጌታሁን የትኛው ጉልበቱ ነበር የሚያመው?»

«አላስታውስም።»

«የሚወደው መዝሙርስ?»

«እትዬ፣ እኔ መዝሙር በምን አውቃለሁ? ማንኮራፋቱን ግን አውቃለሁ። ጠባቂው ሳይቀር ‹ይህን ትራክተር አጥፉልኝ› ይል ነበር።»

እውነት ነው። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ጠቋሚም ቢሆን እኮ አብሮት ከተኛ ይሰማዋል። በቀጥታ ጠየቅሁት።

«ያስያዙት እርስዎ ነዎት?»

ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ወላሂ! እኔ ስገባ እሱ እዚያ ነበር!»

«ታዲያ ምን በድለውኛል?»

ሶላት ደረሰብኝ ብሎ ተነሳ። ሶላቱስ ደርሷል፤ እሱ ግን መሸሻ አገኘ እንጂ ሌላ አይደለም። ልጄ ተብዬዋ ደግሞ በር ላይ ተከትላው «ቅዳሜ ምሳ ይምጡ» ትለዋለች! እኔን ማን ጠየቀኝ?

ቅዳሜ

ጠዋት ለየሺ ምሳውን አዘዝኩ። «ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ድስቱን እንደገና እጠቢው። ሥጋ የለም፤ ሙስሊም የእኛን ሥጋ...»

እዚያ ላይ አፌ ቆመ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

ወደ ሣጥኑ ሄጄ ያንን ባለ ሦስት ድርብ የምሳ ዕቃ አወጣሁ። ክዳኑ ላይ በምስማር የጻፍኩት የጌታሁን ስም አለ። ሽሮውን በእሱ አድርጌ ኦቦ ከድር ፊት አስቀመጥኩት።

እጁን ታጥቦ ሲዘረጋ ክዳኑን አየ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«አወቁ» አለኝ።

«ከእርስዎ አፍ ልስማ።»

ነገረን። ከዚያ ዶሮ በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ በማለዳ፣ ጌታሁንን ከነብርድ ልብሱ ጠሩት። የት እንደወሰዱት አያውቅም። ተኩሱን ግን እርሻው ላይ ሆነው ሰምተዋል። ጌታሁን ሲወጣ «እሑድ ስሜን ሲጠሩ አቤት በል። ከዲክሲስ ድረስ ላንተ ማን ይመጣል?» ብሎት ነበር።

«አቤት አልኩ» አለ ከድር። «እስከ መስከረም በላሁ። ልጅ አዝለው እንደሚመጡ እየሰማሁ። ዕቃውን ጠርጌ በመለስኩ ቁጥር አለ እያልኩ ዋሸሁዎት።»

የሺ አለቀሰች። እኔ ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። «ሥጋውን ለሌሎቹ ክርስቲያኖች ለምን አልሰጡም? የራበው ሞልቶ?»

«ለምነውኝ ነበር። እንዲመለስ ፈለግሁ እንጂ። ምናልባት ይገባዎታል ብዬ።» ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ ግን ምስር ላኩልኝ።»

ምሳው ቀዘቀዘ። ማንም አልበላም። አውፍ ሳልለው ሄደ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ደብተሩን ደግሜ አየሁ። ዶሮው፣ ከዚያ ሥጋው። በመካከላቸው ማክሰኞ አለ። ውሸታም ቢሆን ኖሮ የእኔ ደብተር ላይ እንዲህ አይገጥምም ነበር። በሁለቱ መስመሮች መካከል በጠባቡ ጻፍኩት፦ ማክሰኞ፣ ጌታሁን ዐረፈ። ይህን ሁሉ ዓመት በማይሆን ቀን ቄስ ሳስቸግር ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ ቀኑ በዓለ ሃምሳ ላይ ዋለ ብለው ቄሱ ይጨነቁ።

የምሳ ዕቃውን ሞላሁ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ እንጀራ። የሺን ወደ ከድር ልጅ ቤት ላክኋት።

«አውፍ ብላለች ልበለው?» አለችኝ።

«ምንም አትበይ። እሱ ሥጋ ሲመልስልኝ እስኪገባኝ ስንት ዓመት ፈጀብኝ? እሱም ያስብበት።»

ከሰዓት በኋላ ይዛው ተመለሰች። ሦስቱንም ድርብ አንድ በአንድ ከፈትኩ። ከደብተሩ መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ ጻፍኩ፦

ኅዳር 14፣ እሑድ። የከድር ስንቅ። ሁሉም ተበልቷል።