የሙሽራው ቅድመ አያቶች ከቆጠራ መዝገብ ስለመጥፋታቸው

ቶሮንቶ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
ዕድሜዬ በዛሬው ዕለት ሰማንያ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ከስድስት ቀን ነው።

ለክቡር አቶ አምሃ
የደብራችን የጋብቻ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከአጠገብዎ የማይለየው ኮምፒውተርዎም ደኅና እንደምትሆኑ ተስፋዬ ጽኑ ነው። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝና የልጅ ልጄ ሠርግ በእርስዎ ትጋት ከመታገዱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ይህ ደብዳቤ ለምእመናኑም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ነውና፣ ነገሩን ለማያውቁ ባጭሩ ላስረዳ። የልጅ ልጄ ሆሣዕና የቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈሩን ልጅ ሰላሙን ለማግባት ቃል ገብታ፣ ሥርዓተ ተክሊሉ ጥር ፲፯ እሑድ እንዲፈጸም ተወስኖ ነበር። እንደ አባቶቻችን ደንብ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ሴንት ጄምስ ታውን ከሚገኘው ቤቴ ተቀምጠን ሰባት ቤት ቆጠርን፤ ዝምድና አልተገኘም፤ ተመራርቀንም ተለያየን። በሳምንቱ ግን «የሙሽራው አባትና ቅድመ አያቶች በየትኛውም ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ ስላልተገኙ፣ በተጋቢዎቹ መካከል ዝምድና አለመኖሩ አልተረጋገጠም» የሚል በማኅተም ያጌጠ ውሳኔዎ ደረሰን። ስለዚህም ውለታዎን በቁጥር ከፍዬ ማመስገን ግድ ሆነብኝ።

፩ኛ. ስለ ምርምርዎ ጥልቀት አመሰግናለሁ። አገራችን ሕዝቧን ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠረችው በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. መሆኑን፣ የሰላሙ ቅድመ አያቶችም ከዚያ እጅግ ቀድመው ማረፋቸውን እያወቁ እነርሱን ከዚያ መዝገብ መፈለግዎ፣ ሙሴን ከፓስፖርት ክፍል ከመጠየቅ የማይተናነስ ድካም ነው። ይባስ ብለው ኢንተርኔት ላይ ባደረጉት አሰሳ ለሙሽራው ቅድመ አያት «ተቀራራቢ ውጤት» ብለው ያያያዙልን ሰው፣ ከኖርዌይ ፈልሰው ማኒቶባ ውስጥ ስንዴ ሲዘሩ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ቤተሰቡ ነፍስ ይማር ብሏል።

፪ኛ. የሽማግሌ ቃል ማስረጃ እንዳልሆነ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። እኛ ያልተማርነው ሰዎች፣ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ብቻውን የሚቆጥር አይመስለንም ነበር። አንዱ ወገን ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም እስከ ምንጅላትና ከዚያ በላይ ሲወጣ፣ ሌላው ወገን ጆሮውን አቁሞ ያደምጣል፤ አንድ ስም ወይም አንድ ቀዬ ከራሱ ወገን ጋር የተነካካ ሲመስለው «ቆይ እስቲ!» ብሎ ያስቆማል፤ ነገሩ እስኪጣራም ማንም ወደ ቀጣዩ አባት አይሻገርም። በዚህ ሁኔታ መዋሸት የሚቻለው ቤቱ የተሰበሰበው ሁሉ የገዛ ልጁን ለኃጢአት ሊድር ከተስማማ ብቻ ነው። መዝገብዎ ግን ማንም «ቆይ እስቲ» ቢለው አይመልስም።

፫ኛ. የሙሽራውን አያት ወይዘሮ አሰፋሽን ስለተቀበሉበት ክብር ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። የዘጠና አንድ ዓመቷ እናት በመደገፊያቸው እየተራመዱ፣ ከአውቶቡስ ወደ ምድር ባቡር እየተዘዋወሩ፣ ከሟች ባለቤታቸው የተማሩትን የአባት ወገን ቆጠራ በአካል ቀርበው ሊመሰክሩ መጡ። ጸሐፊዎ ኤልያና፣ ልጅቱ ጨዋ ናት፣ «ሶሪ እማማ፣ ዶክመንት አፕሎድ ካላደረግን ሲስተሙ ኮንቲኒው አይልም» አለቻቸው። እርስዎ ደግሞ ከወንበርዎ ሳይነሡ «ቢያንስ ልጅዎ በሰባ ስድስቱ ቆጠራ መኖር ነበረበት» ብለው ተቆጧቸው። ወይዘሮ አሰፋሽም «አንተ ልጅ፣ ቆጣሪዎቹ ደጄ ሲመጡ ከሰባቱ ልጆቼ ሦስቱን ትንንሾቹን ብቻ ነው የነገርኳቸው። ጎረምሶቹን ጠርቼ ለዘማች መልማይ ላስረክብ ነበር? ለመሆኑ እናትህ የወለደችውን ለመንገደኛ ትቆጥር ነበር?» ብለው መለሱልዎ። እርስዎም ይህን ምላሽ «ሐሰተኛ መረጃ ስለመስጠት የተደረገ ኑዛዜ» ብለው በቃለ ጉባኤ አስፍረዋል።

ከተደበቁት ጎረምሶች አንዱ የሙሽራው አባት አቶ ፀጋዬ ነው። በደንብዎ መሠረት ይህ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ያልነበረው ሰው እሑድ እሑድ በረዶ ላይ ቆሞ፣ እጁን እያወዛወዘ መኪናዎን ወደ ደብራችን ቅጥር የሚያስገባልዎ መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

፬ኛ. ስለ ትዕግሥትዎም አመሰግናለሁ፤ «አስፈላጊው ሰነድ ሲሟላ ጉዳዩ ከትንሣኤ በኋላ ይታያል» ብለዋልና። ጥር ካመለጠ ጾም እንደሚገባ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ወይዘሮ አሰፋሽ ግን ትንሣኤን በሕይወት እንደሚያዩ ሐኪሞቻቸው ቃል አልገቡም። የዚያን ወገን ሰባት ቤት የሚያውቅ፣ ሙሽሮቹንም በገዛ አንደበቱ ሊመርቅ የሚችል ሌላ ሰው ከእርሳቸው በቀር አልቀረም። ሆሣዕና ትናንት ማታ «አባባ፣ ካልሆነ ሲቲ ሆል እንሄዳለን፤ እዚያ አያትህ ማን ነው አይሉም» አለችኝ። አያትህ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ክብር መሆኑን ሳስተምራት የኖርኩትን ልጅ፣ እርስዎ ባንድ ገጽ ውሳኔ ጥያቄውን የምትሸሽ አደረጓት።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮሚቴዎ ጥር ከመግባቱ በፊት ከወይዘሮ አሰፋሽ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ወንበር ስቦ፣ ዝም ብሎ ያድምጣቸው። ይህ የማይቻል ከሆነ እምቢታዎን በግልጽ ይጻፉልንና ልጆቹን ወዴት እንዳባረሯቸው ምእመናኑ ይወቁት።

የሕያዋንን ምስክርነት በሙታን ወረቀት ለሚመዝነው ጥበብዎ፣ እንዲሁም የአባቶችን ሥርዓት ከአባቶች ለሚጠብቀው ቅናትዎ ያለኝን የማይሟጠጥ አክብሮት እየገለጽኩ፣ አንገቴን ደፍቼ እጅ እነሣለሁ።

ብርሃኔ እንቁሥላሴ
ጡረተኛ የአማርኛ መምህርና ደራሲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዛሬ ሠላሳ ዓመት እርስዎ በዚሁ ከተማ ሲያገቡ፣ ወላጅ አባትዎ ቪዛ ተከልክለው ስለቀሩ፣ በስልክ የነገሩኝን ይዤ ሰባት ቤትዎን በሙሽሪት ወገን ፊት የቆጠርኩልዎ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ወረቀት የጠየቀን አልነበረም። በአዲሱ ደንብዎ መሠረት የእርስዎም ጋብቻ እስከ ትንሣኤ ማግስት ያልተረጋገጠ ነውና፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሣራ ነገሩን ከሰው አፍ ሰምተው እንዳይደነግጡ በማሰብ፣ ለእርሳቸው የሚሆነውን ቅጂ በተለየ ፖስታ አሽጌ ዛሬ ጠዋት ልኬላቸዋለሁ።