ግድግዳው ላይ ያለችው ሳጥን

ለልጄ ለበሰለች፣ ይህ ወረቀት በደህና ያግኝሽ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ፤ ዛሬም ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድም ጽሕፈቱ የራሴ ነው። ያንቺና የልጆቹ ጤና እንዴት ሰነበተ?

አንኮበር ደህና ናት። አልፎ አልፎ ካልሆነ መሬቱ መንቀጥቀጡን ትቷል። ከእናትሽ ጋር የሠራነው የድንጋይ ቤትም ቆሟል። ኢንጂነር ፀደንያ የምትባል ልጅ መጥታ የጓዳው ግድግዳ ላይ ትንሽ ሳጥን ለጠፈችበት። ቤቱ በተነቃነቀ ቁጥር ሳጥኗ ደብረ ብርሃን ድረስ ለልጅቱ ታሳብቃለች።

በቀደም እንጨት ስፈልጥ ልጅቱ ደወለች።

«አባባ፣ ምን ተፈጠረ? ግድግዳው ሲርገበገብ እዚህ ይታየኛል!»

«ምሳር ነው» አልኳት።

«በምሳር እንዲህ ከሆነማ...» ብላ ጀመረች።

«ቤቴን ልታስለቅቂኝ ነው?» ብዬ ዘጋሁባት።

ከዚያ ወዲህ የምፈልጠው ጎረቤታችን ታንጉ ግቢ ነው። «ጋሼ፣ ከሳጥን ይሸሸጋሉ?» ትለኛለች። ትሳቅ።

የጓዳውን ግድግዳ ስንጥቅ በጭቃ ለስኜዋለሁ። ጭቃው ጠዋት ጠዋት ተሰንጥቆ ይገኛል፤ ውርጩ ነው። ከውጭ በኩል የድንጋይ ድጋፍ እየካብኩለት ነው፤ ክረምት ሳይገባ ጣራው ሥር አደርሰዋለሁ። አልጋዬን ወደ በረቱ ያዞርኩት ቁንጫ በዝቶ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ። ሰው ልኬ ላስመጣህ እንዳትይ፣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ለፋሲካ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ማደሪያችሁ ግን ታንጉ ቤት ነው፤ የኛው ለልጆች ይበርዳል።

ያለሽበትን ቤት አምላክ አጽንቶ ያቁምልሽ።

አባትሽ ኃይለሚካኤል